ምላስ ያለው

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

በሆሳዕና መናኸሪያ፣ ከመውጫው በር አጠገብ፣ ቆሎ ሻጮቹ ከሚደረደሩበት ፈንጠር ብሎ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ሱቅ የለውም። ያለው አንድ የተቀደደ ጃንጥላ፣ አንድ ሣጥን፣ ወስፌና ማስቲሽ፣ ከአጥሩ ቆርቆሮ እስከ መብራት እንጨቱ የተወጠረ አንድ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ ጫማ ይሰቅላል። ተሠርተው ያለቁ፣ ሒሳባቸው ግን ያልተከፈለ ጫማዎች። ባለቤቶቻቸው «ነገ እወስደዋለሁ ጋሼ» ብለው በዚያው የሄዱ ናቸው።

ሌላ ጫማ ሰፊ ቢሆን ሦስት ወር ጠብቆ ይሸጣቸዋል። ይህኛው አይሸጥም። ለምን ሲሉት «ባለቤቱ ቢመጣስ?» ይላል። አይመጣም ሲሉት «እናቱ ብትመጣስ?» ይላል። አያቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ቆዳ ፋቂ የጎረቤት ደጃፍ አይረግጥም፤ ስለ እርሱ ግን በየቤቱ ይወራል፤ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስብ፣ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተፈጠረ። ሰውየው በልጅነቱ ይህን ሁሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሰምቷል። (ይህን የነገረኝ ራሱ አይደለም፣ ገመዱ ነው። ተረት ነውና ገመድም ይናገራል፤ አንባቢ ይታገሠኝ።)

ከተማዋ መቼም ስሟን ያገኘችው ከመድረስ በዓል ነው። ድሮ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ያ ስም ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ላይ ቀርቷል። ሆሳዕና ጌታ በውርንጭላ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም የገባበት፣ ሰው ዘንባባ ይዞ የተቀበለበት ቀን ነው። ይህን የመድረስ ስም የያዘችው ከተማ ግን በአገሩ የምትታወቀው በመነሻነቷ ነው። ሃያ ዓመት አለፈው። ከሀድያም ከከምባታም፣ ከሾኔም ከዱራሜም የተነሣ ወጣት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የለም። «ሳውዝ» ይሉታል ባጭሩ፤ ደቡብ አፍሪካን።

ማታ በሩ ተዘግቶ ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ፣ በመናኸሪያው ያሉ ዕቃዎች ይነጋገራሉ። ከሁሉም የሚሰማው ድምፅ ማጉያው ነው፤ ከምሰሶ ላይ ሆኖ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሲጮኽ ስለሚውል ማታም አመሉ አይለቀውም። ቀጥሎ የታሪፍ ሰሌዳው አለ፣ ሁሉን ነገር በብር የሚያይ። የተሳፋሪ መዝገቡ አለ፣ ሁሉን በቁጥር የሚያይ። ጎማው ተፈትቶ ጥግ የቆመ የአንድ አሮጌ ሚኒባስ ስፖኪዮ አለ፣ ሁሉን የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው። ገመዱ ላይ ያሉት ጫማዎች ግን ብዙም አይናገሩም ነበር። የሚጠይቃቸው ስላልነበረ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን ዛምቢያ ውስጥ፣ ከሉሳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ንግዌሬሬ፣ የ27 ወንዶች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። አንድ ሰው ብቻ ገና ይተነፍስ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማላዊ ውስጥ፣ ምዚምባ የሚባል ቦታ፣ ጫካ መሃል የጅምላ መቃብር ተገኝቶ ነበር። ከዚያም በፊት፣ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሞዛምቢኳ ቴቴ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት ውስጡ ከነበሩት ሰዎች 64ቱ ታፍነው ሞተዋል፣ 14ቱ በሕይወት ተርፈዋል። ቴቴ፣ ምዚምባ፣ ንግዌሬሬ፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ የአፍሪካን ካርታ በዚህ መንገድ ተማሩት። ያን ሰሞን በየሰፈሩ ስልክ የማይነሣላቸው ቤቶች በዙ። ድንኳን ልትከል ወይስ ልጠብቅ የሚል ጥያቄ በየደጁ ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት አንድ ልጅ ወደ ጫማ ሰፊው መጣ። ከታንዛኒያ እስር ቤት ተፈትቶ የተመለሰ ነው። ፀጉሩ ገና አላደገም። ከፌስታል ውስጥ አንድ የሸራ ጫማ አወጣ፤ የቀኝ እግር፣ ብቻውን።

«ጋሼ፣ ይህን ያዝልኝ።»

«ግራውስ?»

«የጓደኛዬ ነው። ለእናቱ ልወስድላቸው ነበር። ደጃቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስሁ።»

ጫማ ሰፊው ተቀበለና ገመዱ ላይ ሰቀለው። ልጁ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

*

ያን ሌሊት ጉባኤ ተጠራ። የጠራው ተረከዙ እንዲቀየርለት የመጣ አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። የቢሮ ጫማ ነው፣ ቀለም የማይለየው። ማንም ሳይመርጠው ሰብሳቢ ሆነ፤ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሌሎቹም አልገረማቸውም።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አለ። «ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ?»

የታሪፍ ሰሌዳው ፈጥኖ መለሰ። «ዋጋ ነው። ጤፉን እዩ፣ ዘይቱን እዩ። ለዚህ ስብሰባ ምን ያስፈልጋል?»

መዝገቡ ሳል ሳል አደረገ። «እኔ የማወራው በማስረጃ ነው። ከዚህ መናኸሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ አንድም ሰው የለም።»

ሁሉም ዞር አሉ።

«አዎን! ሁሉም የተመዘገቡት ሻሸመኔ ብለው ነው። ሐዋሳ ያሉም አሉ። ይኸው፣ ገጹን ገልጣችሁ ተመልከቱ።»

እውነቱን ነው። መዝገብ የሚጽፈው ትኬቱ ላይ ያለውን ነው። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው ዲላና ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድንበር ድረስ ያለው ሁሉ ትኬት የለውም። ትኬት የሌለው ደግሞ መዝገብ የለውም።

ድምፅ ማጉያው በተራው ተበሳጨ። «እኔ ደግሜ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ! በበዓሉም፣ በገበያውም ቀን፤ መንገዱ አደገኛ ነው፣ ደላላ ያታልላችኋል፣ ባገር ሠርቶ መለወጥ ይቻላል! አንድ ጊዜ እንዲያውም ሦስት ልጆች ከሥሬ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ደስ አለኝ። ስጨርስ አንደኛው ቀና ብሎ ‹የሻሸመኔው ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?› አለ።»

«ከዚያስ? ለምን ትሄዳላችሁ ብለህ ጠየቅሃቸው?» አለ ስፖኪዮው።

«እኔ? ጆሮ የለኝም እኮ። ለዚያ አልተሠራሁም።»

አንድ ቡናማ ጫማ፣ የሰባኪ ነው፣ ከገመዱ መሃል ቃል ሰጠ። በ1993 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጣ ሰባኪ በዚህችው ከተማ ለታላቅ ጉባኤ ወደ ደቡብ የሚከፈት በር አለ ብሎ ተንብዮ ነበር ይባላል፤ ብዙ ሰው የጉዞውን መጀመሪያ ከዚያ ይቆጥራል። «ስለዚህ ሰው ሳይሆን መንፈስ ነው የላካቸው» አለ። አንድ ያረጀ የአስተማሪ ጫማ ደግሞ ሳቀ። «በር መከፈቱን ትንቢት ይንገረን፣ ይሁን። ከኋላ የገፋውንስ? በ1992ቱ ምርጫ ሀድያ ውስጥ ተቃዋሚው ብዙ ድምፅ ሲያገኝ፣ በዚያ ሰሞን ሰው ሞቷል፣ ታስሯል። የእኔ ባለቤት ደመወዝ ነበረው። ቀድመው ከወጡት አንዱ ነው። የተራበ አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ መኖር ያቃተው ነበር።»

ሰብሳቢው ይህን አልወደደውም። «ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» ብሎ አለፈው።

እንዲህ ሲሉ እኩለ ሌሊት አለፈ። በመጨረሻ በረባሶው ተናገረ። በረባሶው ከሁሉ ታላቅ ነው። ከመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ ጫማ ከመሆኑ በፊት መንገድ ያውቃል፤ ስለዚህም «አባባ» ይሉታል።

«ልጆቼ» አለ። «የሄደውን ትታችሁ ስለ ሄደው ትነጋገራላችሁ። ከእናንተ መሃል መንገዱን ረግጦ የመጣው እርሱ ነው» ብሎ ወደ ሸራ ጫማው አመለከተ። «ደግሞ ስሙኝ፤ በዚህ መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም ይናገራል፣ ምላስ ያለው ግን ጫማ ብቻ ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። እውነት ነው። ማጉያው አፍ እንጂ ምላስ የለውም። ሰሌዳው ፊት አለው፣ መዝገቡ ገጽ አለው። ምላስ ከክሩ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀው የጫማው ነው።

*

ሸራ ጫማው መጀመሪያ የተናገረው ሁሉም የሚያውቁትን ነው። «ደላላ አታለለኝ። የመንገዱን አደጋ አላውቅም ነበር። የጓደኛ ግፊት ነው። ወጣቶች ከእኔ ተማሩ።»

ሰብሳቢው በደስታ ራሱን ነቀነቀ፤ ማጉያውም «ይኸው!» አለ። በረባሶው ግን አላመነም።

«ልጄ፣ ይህን የተናገርኸው ለማን ነው?»

«ለጠረጴዛ።»

«ለየትኛው ጠረጴዛ?»

«ስንመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጠረጴዛ ነበር። ሰደርያ የለበሰች ልጅ ጥያቄ ትጠይቃለች። ‹ለምን ሄድህ? ሀ፣ ሥራ አጥነት። ለ፣ ድህነት። ሐ፣ የጓደኛ ግፊት። መ፣ ሌላ።› ተሸክሞኝ የመጣው ልጅ ‹መ› አለና መናገር ጀመረ። ልጅቱ ‹ሌላ› የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሄደች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከኋላው ሰባ ሰው ተሰልፏል። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠይቀው በበዛ ቁጥር ልጁ መልሱን እያሳጠረ መጣ። ‹ደላላ አታለለኝ› ሲል ሁሉም ያዝንለታል፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ ይሰጡታል።»

«እንግዲህ እኛ ብርድ ልብስ የለንም» አለ በረባሶው። «ሌላ የምትለውን ንገረን።»

ሸራ ጫማው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ፤ ገመዱ እንደነገረኝ እንዲህ ነበር።

«ባለቤቴ የዶዮገና ልጅ ነው። የአባቱ መሬት ሩብ ሄክታር አይሞላም፣ ወንድማማቾቹ አምስት ናቸው። እንሰቱን ለአምስት ብትከፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥላው ነው። ይህን ግን ታውቃላችሁ፣ ሰሌዳውም ነግሯችኋል። የማታውቁት ማን እንደላከው ነው። ‹ደላላ› ትላላችሁ። ደላላው የእናቱ ወንድም ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው የመረጠው። ታላቁ ሚስት አለው፣ ታናሹ ትምህርት ይዟል፣ መሃለኛው ጉልበት አለው ተባለ። አባቱ በሬ ሸጡ። እናቱ ቡላ ሸጡ፣ ቅቤ ሸጡ። እህቱ ሳውዲ ሆና የስምንት ወር ደመወዟን ላከች። የነፍስ አባቱ ጸለዩ። የተረፈውን ዕቁቡ ሞላው። የሸኘው ሰው ብዛት ለሠርግ ይበቃል። መንገድ ላይ ሲሞት ግን ‹ሕገወጥ› ተባለ፣ ያታለለው ደላላ ተፈለገ። የበሉት እጆች ሁሉ ታጥበው ደረቁ።»

ገመዱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ነፋስ አልነበረም።

«አላወቀም ነበርም ትላላችሁ። ያውቃል። ቆጥሯል። በእነርሱ መንደር ከአንድ ጎዳና አሥራ አንድ ልጆች ሄደዋል። ዘጠኙ ደርሰዋል፤ ዘጠኝ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል፣ ሁለት ድንኳን ተተክሏል። ማታ ማታ ይህን ሲደምርና ሲቀንስ እኔ ከአልጋው ሥር ሆኜ እሰማው ነበር። አንድ ቀን ድምፁን አውጥቶ ‹እዚህ ተቀምጦ መቅረትስ በስንት ይቆጠራል?› አለ። እዚህ የተቀመጠ ልጅ ሠርግ ላይ ወንበር አያገኝም። ዲግሪ ይዞ የሚነዳው ባጃጅ ባለቤቱ ከሳውዝ ሆኖ ብር የሚልክ የልጅነት ጓደኛው ነው። መስከረም ላይ ያሆዴ ሲደርስ፣ በከምባታም መሳላ ሲደርስ፣ ከሳውዝ የተላከ ብር በሬ ያርዳል፣ የእርሱ እጅ ግን ቢላዋ ይይዛል። እናቱ ምንም አይሉም። እንዲያውም አንተ ብቻ አጠገቤ ሁን ይላሉ። ብቻ የጎረቤትን ቤት ሲያዩ ዓይናቸው ትንሽ ይቆያል። ያ መቆየት ነው የላከው፤ በየትኛው ፊደል ሥር ይገባል? ሀ ነው? ለ ነው?»

መልስ የሰጠ አልነበረም። የታሪፍ ሰሌዳው ቁጥሮቹን መልሶ መላልሶ አየ።

«ከዚያ ሞያሌን በሌሊት አለፍን። ኬንያን በጫካና በመኪና፣ ታንዛኒያን በእንጨት ጭነት ሥር። ባለቤቴ በመንገድ ሁሉ ይቀልድ ነበር፤ ይህን ማንም አይጠይቅም። አንድ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ‹ይኸው፣ የአገራችን ሰው እዚህም ደርሷል› ብሎ አሥራ ሁለት ሰው አፉን በእጁ ይዞ እንዲስቅ አደረገ። ከዚያ ማላዊ ገባን።»

ዝም አለ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ሰብሳቢው።

«ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም።»

«እንዴት አትናገርም? ዋናው እኮ እርሱ ነው! ለማስተማሪያ የሚሆነን እርሱ ነው። ማጉያው በየቀኑ ቢያሰማው…»

«የፈለጋችሁት ክፍል» አለ ሸራ ጫማው «የእኔ ያልሆነው ብቻ ነው። ባለቤቶቹ እዚያ የቀሩት ሰዎች ናቸው። ሊነግሩ ከፈለጉ ይንገሩ።»

ሰብሳቢው ተናደደ፤ በቃለ ጉባኤው ላይም «ተናጋሪው ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ አስጻፈ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከጫማው ጋር ነኝ። ሰው ይናገር ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንለው እኛ የምንፈልገውን ይናገር ነው፤ ዝምታውን የራሱ አድርጎ የመያዝ መብቱን ማንም አይጠይቅለትም።

*

ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰለ። ያኔ ከገመዱ ጫፍ አንድ ነጭ ስኒከር ጮክ ብሎ ሳቀ። ከጆሃንስበርግ ለእረፍት የመጣ ሰው ሶሉን ሊያስለጥፍ የተወው ነው፤ ፋብሪካው የጻፈበት ስም ገና አልጠፋም።

«ይቅርታ» አለ። «አንድ ነገር ላስቸግር? ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሞቱት ታወራላችሁ። እኔ ደርሻለሁ። ስለ ደረሰው የሚጠይቅ አለ?»

«አንተማ ደህና ነህ» አለ ቡናማው ጫማ። «አንተን ጌታ ባርኮሃል።»

«ይኸው እንግዲህ። ደህና ነኝ ስለተባለ ጉዳዬ ተዘጋ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ዓመት ብርድ ልብስና መጋረጃ በጀርባው ተሸክሞ በሎኬሽኑ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ ቤት ለቤት እየዞረ በዱቤ ሸጠ። ውሻ ነክሶታል። ጥቁር አሮጊቶች ሻይ አጠጥተውታል። ዙሉ ቋንቋ ያስተማረችው ዕዳዋን ሳትከፍል የሞተች አንዲት እናት ናት፣ ቀብሯ ላይ ቆሟል። ከዚያ ሱቅ ከፈተ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰው ሲሞት የእርሱ ሱቅ ተዘረፈ። እንደገና ከፈተ። በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ፣ ሰልፍ እያደረ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ጂፒ ላይ፣ እነርሱ የሀበሻ ሰፈር ነው የሚሉት ጎዳና፣ ቅዳሜ ክትፎ ይበላል፤ የእናቱን ክትፎ አያክልም እያለ ያለቅሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይጨመርልኝ ይላል። እዚህ ሲመጣ አባቱ የሚጠይቁት የፎቁን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ጎረቤቱ የሚጠይቀው ልጄን ትወስድልኛለህ ነው። እዚያ ያለው ፖሊስ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ማክሰኞህ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም። ማክሰኞ አለው እኮ! ማክሰኞ ሱቁን ይጠርጋል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ከፊት ለፊት ካለችው ፀጉር ሠሪ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ወይ ሬሳ ነው ወይ ፎቅ ነው የምታደርጉት።»

«አንተስ ለምን አትነግራቸውም?» አለው የአስተማሪው ጫማ።

ስኒከሩ ሳቁን አቆመ። «ባለቤቴ ወደዚህ ሊመጣ ሲል ሦስት ቀን ተጨንቆ ልብስ ገዛ። እኔን የገዛኝ በዱቤ ነው። ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል ብሎ ለእናቱ ቢነግር የሚፈርሰው የእናቱ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ይዋሻል። ውሸቱን አይቶ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ይነሣል። ይህንን ያውቃል። እርሱም የታላቅ ወንድሙን ጫማ አይቶ ነው የሄደው።»

ጉባኤው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ድምፅ ማጉያው እንኳ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጉሮሮውን አጠራ።

«ጥሩ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ውሳኔያችን ይህ ነው፤ ስለ ሂያጆች የሚናገሩት ሂያጆቹ ራሳቸው ናቸው። ምላስ ያለው ሁሉ ይመዝገብ፣ ይናገር። የቀረ አለ?»

ማንም አልመለሰም። ብቻ የበረባሶው ዓይን፣ ዓይን ካለው፣ ወደ ገመዱ ሌላ ጫፍ ዞረ። እዚያ አንዲት ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ተሰቅላለች። ማሰሪያዋ በሚስማር ተይዟል። ሌሊቱን ሙሉ አልተናገረችም።

«እርሷስ?» አለ በረባሶው።

ሰብሳቢው አያት። «ነጠላ ጫማ እኮ ናት። ምላስ የላትም።»

«እኔስ አለኝ?»

እውነትም በረባሶ ምላስ የለውም። ኮንጎ ጫማም የለውም፤ የገጠር ልጅ የሚሄድበት ያ ርካሹ ላስቲክ ጫማ፣ ከገመዱ ላይ እነርሱም ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ጭንቅ ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ሁሉ በረባሶው ሲናገር ሰምቷል፤ በምን ተናገረ ብሎ መጠየቅ አሁን አያምርም።

«የእናንተ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይያዝ» አለና ዘጋው። ወፍ ጮኸ።

*

ጫማ ሰፊው ሲነጋ መጣ። ሣጥኑን ከፈተ፣ ጃንጥላውን ተከለ፣ ገመዱን እንደ ወትሮው ከዳር እስከ ዳር አየ። ስለ ሌሊቱ የነገረው የለም። ደግሞ ጫማ ሰፊ የጫማን ነገር ለማወቅ ጉባኤ አይጠብቅም፤ ገልብጦ ያየዋል። ሶል አይዋሽም። የሸክም ሰው ጫማ በውጭ በኩል ይበላል። የሸሸ ሰው ጫማ ጣቱ ላይ ይበላል። ሰው ሲናገር ስለ ራሱ የሚጨምረውን ይጨምራል፣ የሚደብቀውን ይደብቃል፤ ሶሉ ግን የረገጠውን ብቻ ነው የያዘው። እርሱም ቢሆን ይህን ያህል ያውቃል እንጂ ሁሉን አያውቅም፤ ለዚህ ነው የሚሰቅላቸው።

ነጠላ ጫማዋን አወረዳት። ገለበጣት። ጣቷ ያልተነካ ነው፤ ተረከዟ ግን እንደ ወረቀት ሳስቷል። መንገድ የሄደች አይደለችም። አንድ ቦታ ለብዙ ጊዜ የቆመች ናት። ማሰሪያዋ ላይ የካውያ አፍ ቅርፅ ያለው ጠባሳ አለ። ጫማ ሰፊው አውራ ጣቱን ጠባሳው ላይ አድርጎ ቆየ።

ረፋዱ ላይ ባለቤቷ መጣች። ከሳውዲ ከተመለሰች አምስተኛ ወሯ ነው። ሻሽ አስራለች፣ በሰው ፕላስቲክ ጫማ ነው የመጣችው፣ እግሯ ውስጡ ይንሸራተታል።

«ጋሼ፣ ተሠራች?»

ተሠርታለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ተሠርታለች። ጫማ ሰፊው ግን ሚስማሩን በጉጠት ነቀለው።

«ትንሽ ቀርቷታል። ተቀመጪ።»

ከሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። መርፌ ላይ ክር አስገባ፤ አስገባና መልሶ አወጣው፣ እንደገና ለማስገባት ጊዜ ወሰደ። ቆሎ ሻጯ ከአጠገባቸው አንድ ጥርኝ ሰፍራ ለልጅቱ ዘረጋችላት። ረዳቶቹ ይጮኻሉ። ከላይ ማጉያው «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ የቀረ! ሁለት ሰው!» ይላል። አንድ ወጣት አዲስ የሸራ ጫማ አድርጎ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ አጥብቆ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ትኬት ይቆርጣል። መዝገቡ ሻሸመኔ ብሎ ጻፈው።

«ብረቱ ነው ያቃጠላት?» አለ ጫማ ሰፊው ቀና ሳይል።

ልጅቱ ቆሎውን መቆርጠም አቆመች። ከዚያ መናገር ጀመረች። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሏል፣ ጆሮው ወደ እርሷ ነው፣ መርፌው በአንድ ቀዳዳ ወጥቶ በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ገመዱ ላይ ያሉት ጫማዎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለዋል። ምን እንደምትል ግን ማወቅ አልተቻለም፤ ማጉያው ከላያቸው ነው፤ ሻሸመኔውን ጨርሶ መንገዱ አደገኛ ነው የሚለውን ጀምሯል፣ ደላላ ያታልላችኋል፣ ባገር ሠርቶ…

መብራት ሄደ።

መናኸሪያው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ፤ ረዳቶቹም እንኳ ቀና ብለው ምሰሶውን አዩ። በዚያች ጸጥታ የልጅቱ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ተሰማ።

«…እና ጋሼ፣ ያን ቀን ደግሞ ልደቷ ነበር፣ የልጅቱ። ኬክ ሠርቼላት ነበር።»

«ምን ዓይነት?» አለ ጫማ ሰፊው።